ባሕር የሸሸው ካብ

ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ ፋኑኤል፣

እንዴት ከርመሃል እንዳልልህ፣ የበረሃው ሙቀት እንዴት እንዳከረመህ በየቅዳሜው ስትደውል ከእኅቴ ከሰናይት እሰማለሁ። እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልህ፣ ደኅና አይደለሁም። ሰላምታውን እንተወውና ይህን ወረቀት እኅቴ በሌለችበት አንብበው። አጠገብህ ካለች አጥፈህ ኪስህ ክተተው።

አባባ ሐሙስ ዐረፈ። ቁርሱን አብልቼው፣ ትራሱን ላስተካክልለት ዞር ስል ነው የሄደው። አልጋ ላይ ከዋለ ጀምሮ ይህን ቀን ስፈራው ኖሬ፣ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። አርብ ቀበርነው። ሾፌራችሁ ጩማ ከሰመራ ለሚስቱ ሲደውል ሰምቶ ይሆናልና እባክህ አፉን እንዲይዝ ንገረው።

የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ጸሐዬና የንስሐ አባታችን ተመካክረው "ልጅቷ በረሃ ላይ ሆና መርዶ አይነገራትም። ቤቷ ገብታ፣ ዘመድ ከቧት፣ በማለዳ ይነገራታል" አሉ። እኔም ልክ ናቸው ብያለሁ። እናታችን የሞተች ጊዜ ሰናይት ተማሪ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ተጠርታ፣ አክስቶቼ ግራና ቀኝ ይዘዋት ነው የተነገራት። ባይይዟት ኖሮ ግድግዳውን በግንባሯ ትመታው ነበር። ስለዚህ እባክህ ሰበብ ፈልገህ አርባው ሳያልፍ ላክልኝ። አርባው የካቲት 25 ይውላል።

እንዳትደውልልኝ። ያ የሳተላይት ስልክ ከእሷ እጅ አይወጣም፣ ድንኳናችሁም ከአንዱ ሹክሹክታ ሌላው የሚያመልጥበት አይደለም። ወረቀትህን ጩማ ውኃ ሊቀዳ ሰመራ ሲወጣ አውቶቡስ ላይ ይስጥልኝ። የእኔንም ከዚያው ይቀበል።

ትናንት ቅዳሜ ነበር፣ እንደ ልማዷ ደወለች። የለቅሶው ድንኳን ሙሉ ሰው ነው። ከገሱባ የመጣ፣ ከሁምቦ የመጣ፣ አባባ ጂኦግራፊ ያስተማረው ሽማግሌ ሁሉ ተቀምጧል። "እሷ ናት" ስል ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ትንፋሹን ዋጠ። "አባባስ?" አለችኝ። "ተኝቷል" አልኳት። "ለጥያቄው መልስ አግኝቼለታለሁ፣ ጽፌ እልካለሁ፣ አንብቢለት" ብላኝ ዘጋች። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጥያቄው የቱ እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ እንጃ። እናንተ ሪፍ የምትሉትን፣ ኮራል የሚባለው እንስሳ በባሕር ውስጥ የሚገነባውን ድንጋይ፣ አባባ "የባሕር ካብ" ነው የሚለው። ሊሞት ሰሞን ያጻፈኝ የመጨረሻ ጥያቄ "ባሕሩ ጥሎት ሲሄድ ካቡ ለምን አልተከተለውም?" የሚል ነበር።

እስከ መቼ ነው እዚያ የምትቆዩት? ቶሎ ጻፍልኝ።

ወይንሸት ተክለጻድቅ

~

አፋር፣ ከአፍዴራ በላይ፣ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅቴ ለወይንሸት፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከዚህ የተሻለ ቃል ፍለጋ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁና በዚሁ ተቀበይኝ። ከጎንደር ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ስገባ ማንም አያውቀኝም ነበር፤ የመጀመሪያውን ፋሲካ የበላሁት ከጋሽ ተክለጻድቅ ማዕድ ነው። ያን ቀን ቀይ ባሕር አንድ ጊዜ አፋር ውስጥ ገብቶ ነበር ብዬ ብነግራቸው ዶሮ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩኝ። በመጨረሻ ሲረቱ "እንግዲያው እንግዳ ሆኖ መጥቶ ነበር በለኛ!" አሉ። ለቀብራቸው አለመድረሴ ያንገበግበኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ጩማ ሰምቷል። ከሰመራ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰናይትን ዐይን ለዐይን ላለማየት መኪናው ሥር ተኝቶ ይውላል። እሷ ደግሞ "ይሄ መኪና ምን ነካው?" እያለች ብሎን ታቀብለዋለች።

አሁኑኑ ላካትና ሥራውን አንተ ያዝላት ትዪኝ ይሆናል፤ ብችል በወደድሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ በየዘመኑ የት ድረስ ቆሞ እንደነበር የምናውቀው ከሞተው ኮራል ነው። ነገር ግን ምስክርነቱ የሚታመነው በቆመበት የሞተ እንደሆነ ብቻ ነው። ከላይኛው እርከን ተንከባልሎ የወረደ ከሆነ፣ ባሕሩ ያልደረሰበትን ደረሰ ያሰኘናል። በቆመበት የሞተውን ከተንከባለለው የመለየት ዐይን ያላት እሷ ናት። እኔ ላቦራቶሪ ስገባ እንጂ ገደል ላይ ለዚህ አልረባም።

ሌላም አለ። በሚያዝያ ከጅቡቲ የሚነሣ የጥናት መርከብ አለ። እዚህ ያለው ካብ ባሕሩ ሸሽቶት የሞተ ነው፤ መርከቡ የሚቆፍረው ደግሞ ባሕሩ ፈጥኖ ከፍ ብሎበት ጨለማ ውስጥ የቀረውን ነው። ለአገራችን የተሰጠው አንድ ቦታ የሰናይት ነው። የናሙናዎቿን ዝርዝር እስከ የካቲት 20 ካልላከች ቦታው ለተጠባባቂው ያልፋል። ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደጠበቀች ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ እንዲህ አሰብሁ። የካቲት 20 ሥራውን እንጨርስ። በማግሥቱ ይዣት ልነሣ። ለአርባው ዋዜማ ሶዶ እንገባለን፣ ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ በማለዳ ይነግሯታል። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መቻል የአንቺ ነው፤ ሌላውን ቀን መቻል የእኔ። የአንቺ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ለጋሽ ተክለጻድቅ የጻፈችውን ይዤልሻለሁ። ላስቀረው አስቤ ነበር፤ ግን "ደረሰ ወይ?" ብላ ትጠይቅሻለች።

ፋኑኤል

(በዚሁ ውስጥ)

አባባዬ፣ እታለም ታንብብልህ፤ መነጽርህ የት እንደገባ መቼም አታውቀውም።

ካቡ ለምን ባሕሩን አልተከተለም ብለሃል። ያ ትንሽ እንስሳ አንዴ ከተተከለ እግር የለውም። ቤቱን የሚሠራው በቀደሙት አጥንት ላይ ነው። ባሕሩ ቀስ ብሎ ከፍ ሲል እሱም ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይሠራል። ባሕሩ ከቸኮለ ጨለማ ይውጠዋል። ባሕሩ ከሸሸ ፀሐይ ላይ ይቀራል። እኔ የቆምኩበት ፀሐይ ላይ የቀረው ነው። ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት የዓለም በረዶ ቀልጦ ባሕሩ እዚህ ገባ፣ ካቡም ዳር ዳሩን በቀለ። በረዶው መልሶ ሲጋገር ባሕሩ ወረደ፣ መግቢያው ተዘጋ፣ ታግቶ የቀረው ውኃ ደርቆ ጨው ሆነ። አሁን ግመል የሚጭነው እሱን ነው።

ግን "አልተከተለውም" ያልከው ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ወላጆቹ ባሉበት ቀሩ እንጂ ልጆቹ ሄደዋል። ሲወለዱ ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ዝቅ ያለ አዲስ ዳርቻ ሲያገኙ እዚያ ይተከላሉ። ከላይኛው ካብ በታች ሌላ ካብ አለ፣ ከእሱም በታች ሌላ። መጥቼ በአሸዋ እሠራልሃለሁ። እታለምን አታስቸግራት፤ መድኃኒቱንም አትትፋው።

ሰናይት

~

ሶዶ፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፋኑኤል፣

ስለ ቀብሩ አትጸጸት። አንተ ብትመጣ እሷን ማን ይጠብቃት ነበር?

ወረቀቷን አነበብኩለት። አትሳቅብኝ። አልጋው ገና አልተነሣም፣ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጎረቤታችን ፈጠነች ጎዳሬ ቀቅላ ይዛልኝ ስትገባ ሰማችኝ። የጠበላ ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ ያሰበችውን ሳትናገር አታድርም። "ለሞተው ሰው ያነባል፣ በሕይወት ላለው ሰው ይዋሻል! ወይንሸት፣ አንተ ጤና የለህም" አለችኝ። በእነ ፈጠነች ዘንድ ለቅሶ በጩኸት ነው፣ ሰፈር ለሰፈር የሚሰማ ጩኸት። እኔ ግን እሪ ብዬ አላለቀስኩም። እንዴት ላልቅስ? ድምፄ ከዘጋ ቅዳሜ ትነቃብኛለች።

ያለፈው ቅዳሜ የባሰ ነበር። "መልሴን ሲሰማ ምን አለ?" አለችኝ። ምን ልበላት? "ልጆቹን የት እንደሚተከሉ ማን ነገራቸው ይላል" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ አፌ ላይ መጣ። ሳቀች። "ይሄ ሰውዬ ዘንድሮ ብሶበታል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው በይው" አለች። ፋኑኤል፣ ሰምተኸኛል? በሞተ አባቴ አፍ ተናገርኩ፣ እሷም ደስ አላት፣ እኔንም ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ራሴን ተጸየፍኩት።

ወደ ሥራ ለምን አትመለሺም ትለኝ ይሆናል፤ የገሱባ ጤና ጣቢያ አሁንም ነርስ ይፈልጋል። አባባ ሲወድቅ "ለጥቂት ጊዜ" ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን ቤቱ ባዶ ነው፣ በሩም ክፍት ነው፣ የሚጠራኝም የለም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አባባን ማስተኛት አለብኝ። ገሱባ ሄጄ ስልክ ባነሣ የጤና ጣቢያው ጫጫታ ይሰማታል። በቁሙም ይህን ቤት አላስለቀቀኝም፣ ሞቶም አላስለቀቀኝ። ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፣ አንተም አትናገር።

ይስሐቅን ታስታውሰው ይሆናል። ገሱባ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ነው። ጠበቀኝ ጠበቀኝና አገባ። አልፈርድበትም። ለሰናይት አልነገርኳትም፤ በእኔ ምክንያት ነው ብላ እንዳትቃጠል። ከቤታችን ያልተደበቀ ነገር የለም፣ አየህ።

ሰበቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንህ። አባትሽ አሞታል አትበላት። ያን ከሰማች ወዲያው ይገባታል፣ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ትመጣለች። ደስ የሚል ነገር ፈልግ።

ወይንሸት

~

አፋር፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እኅቴ ወይንሸት፣

ያደረግሁትን ልጻፍልሽ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ስደቢኝ።

የጩማ ነገር ነው የጀመረው። ሰናይት ቀልጣፋ ናት፤ ትናንት መኪናው ሥር ጎንበስ ብላ "ጩማ፣ ከቤት የሰማኸው ነገር አለ አይደል?" አለችው። እሱ እንባው መጣ። ወደ እኔ ዞረች። የአንቺ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ "ደስ የሚል ነገር ፈልግ" ያልሽው ትዝ አለኝ፤ ሌላ ያሰብሁት ደግሞ የለም። "ሽማግሌ ተልኮ ነው፤ ወይንሸት ልትዳር ነው። ሥራሽን እንዳትተይ ብለው ነው የደበቁሽ" አልሁ።

ከዚያ "ይስሐቅ ነው አይደል? የገሱባው?" አለች። ማን እንደሆነ ብጠየቅ የምለው ስላልነበረኝ ራሴን ነቀነቅሁ። አግብቷል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እያወቅሁ ነው የነቀነቅሁት። አፍሬያለሁ፣ እኅቴ።

እልልታዋ ከገደል ገደል ተመታ። አፋሩ መንገድ መሪያችን ምን አገኘች ብሎ ሮጦ መጣ፤ ነገርሁት፤ ፍየል ልረድ ብሎ ተነሣ። ጩማ እንባውን የደስታ ነው ብላ ተቀበለችው።

በዚህ ቢያበቃ በእግርሽ ወድቄ በተገላገልሁ ነበር። ግን አላበቃም። ከሰዓት በኋላ ሥራውን ትታ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ቆየችና "ወይንሸት ከሄደች አባባን ማን ይይዘዋል?" አለችኝ። "እኔ ነኛ" አለች። መርከቡን መተዋን የሚገልጽ ወረቀት ጽፋ፣ ከሰመራ እንዲላክ ሰጥታኛለች። ይህን ጉዞ "ረሳሁት" ብዬ አልፈዋለሁ። በሚቀጥለው ግን ራሷ ይዛ ልትወጣ ነው።

ብነግራት የሽማግሌዎቹን ቃል እሰብራለሁ፣ እዚህ ገደል ላይ ዘመድ በሌለበት። ባልነግራት ለሞተ ሰው ስትል መርከቡን ትጥላለች፣ ሶዶ ገብታም ሁለቱን በአንድ ማለዳ ትሰማለች። አንድ ቃል ጻፊልኝና እሱን አደርጋለሁ።

ፋኑኤል

~

ከካቡ ላይ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣ ሙሽሪት፣

ሰላምታ የለሽም። እኅትሽ ነኝ ወይስ የሰፈር ሰው? ከሾፌር አፍ ነው እንዴ የምሰማው? ቅዳሜ ቅዳሜ "ሁሉ ሰላም ነው" ትይኛለሽ፤ ድምፅሽ የሆነ ነገር እንደዋጠ ሰው ድምፅ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል ጠጪ እላለሁ! እንገናኛለን።

ይስሐቅ እንደሚጠብቅሽ አውቅ ነበር። ያ ሰውዬ ገና ያኔ ለአባባ ተሽከርካሪ ወንበር ከገሱባ አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ሲመጣ "ይሄ የትም አይሄድም" ብዬሽ አልነበር? ተቆጥተሽኝ ነበር እኮ።

አሁን ቁም ነገር። ሠርጉ ጾሙ ሳይገባ ከሆነ ቀኑ ቀርቧል። አባባን ምን እናድርገው እያልሽ እንቅልፍ አጥተሽ ይሆናል፣ አውቅሻለሁ፤ ለዚህ ነው ያልነገርሽኝም። እንግዲህ ስሚኝ። የመርከቡን ነገር ትቼዋለሁ። አትጩኺ። እኔ ስማር አንቺ ቤት ዋልሽ፣ እኔ ገደል ለገደል ስዞር አንቺ አባባን ስታገላብጪ ኖርሽ፤ አንድም ቀን "ተራሽ ነው" ብለሽኝ አታውቂም። ብትይኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በየስብሰባው ስለ ባሕር ከፍታ ሳወራ ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ ደግሞ አሁን እታለም አንሶላ እየቀየረች ነው እያልኩ አስባለሁ። ይህን ሸክም አውርጂልኝ። ተራዬን ስጪኝ።

ለአባባ ለራሱ እኔ እነግረዋለሁ። መርከቡን ተወች ብትይው ይናደዳል፣ እራቱንም እምቢ ይላል። "ልጆቹን የት እንደሚተከሉ ማን ነገራቸው?" ላለው ግን ይህን አንብቢለት። ማንም አልነገራቸውም፤ ብርሃንና ጠንካራ ድንጋይ ይፈልጋሉ፣ ብዙዎቹ ሳያገኙ ይሞታሉ፣ ያገኘ ይተከላል። ጥያቄው ሁለት ቀን አሳሰበኝ፣ ሽማግሌው ገና አላረጀም።

ቅዳሜ እደውላለሁ። እልል የምልበት ጉሮሮ አስቀምጫለሁ።

ሰናይት

~

ሶዶ፣ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፋኑኤል፣

ስድብህ ተቀምጦልሃል፣ አሁን ጊዜ የለኝም። ደስ የሚል ነገር ፈልግ ያልኩህ እኔ ነኝና ግማሹን እኔ እወስዳለሁ።

የመርከቡን ወረቀት አትላክ። ከዚህ ጋር ያሸግኩትን ለሰናይት ስጣት። ማታ ሳይሆን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ። አንተና ጩማ ግራና ቀኝ ሁኑ። መንገድ መሪያችሁ ሚስት ካለችው ትምጣ፣ ሴት አጠገቧ ትኑር። ከገደሉ አርቃችሁ አስቀምጧት። ውኃ አዘጋጁ።

ጋሽ ጸሐዬን አላማከርኩም። ሲሰሙ ይቆጣሉ። ይቆጡ።

ወይንሸት

~

እኅቴ ሰናይት፣

ፋኑኤል ተቀመጪ ካለሽ እሺ በይው። ጩማ እጅሽን ይያዝሽ።

አባባ ሞቷል።

ጥር 16 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቁርሱን በልቶ ነበር። አልጮኸም፣ አልተጨነቀም፣ እኔም አጠገቡ ነበርኩ። አርብ ቀበርነው፤ ያስተማረው ሁሉ መጥቷል፤ መንገዱ ሰው አልቻለም። ከእናታችን ጎን ነው ያለው።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አስቀምጪውና አልቅሺ። የቀረው ይቆይልሻል።

.

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አጥቼው አይደለም። ቤት ድረስ ልናመጣሽ፣ አቅፈን ልንነግርሽ ነበር። ስልክም ይፈጥን ነበር፤ ግን በስልክ ብነግርሽ መስመሩ ቢቆረጥ፣ ማን እንደያዘሽ ሳላውቅ እዚህ ቁጭ ልል ነው። ትናንት ስትደውዪ ያላነሣሁት ለዚህ ነው። እልልታሽን ለመስማት አቅም አልነበረኝም።

ሠርግ የለም። ይስሐቅ አግብቷል፣ ልጅም ወልዷል፣ እኔም ከደበቅሁሽ ቆይቻለሁ። ፋኑኤልን አትቆጪው፤ አንቺን ላለማስለቀስ አንድ ደስታ ፈልግ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። አባባ "ተኝቷል" ያልኩሽ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። "ማን ነገራቸው" ያለውም አባባ አይደለም። እኔ ነኝ የጠየቅሁሽ። መልስሽን ሳነበው ግን ለእኔ እንደጻፍሽልኝ ቆጠርኩት፤ ስለዚህ አልባከነም።

አሁን ሌላውን ስሚኝ። ተራዬን ስጪኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ። አንብቤው የኩሽናው ደፍ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅሁት አታውቂም። አንድ ቀን እንኳ "ነይ" ያላልኩሽ ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ፤ ጠይቄሽ እምቢ ብትዪኝ ምን እንደምሆን ፈርቼ ነው። ሳልጠይቅሽ እሺ አልሽኝ። ይበቃኛል፣ እውነቴን ነው። ግን የምትጠብቂው ሰው የለም ሰናይት። ለባዶ አልጋ ብለሽ መርከቡን ከተውሽ፣ ሁለታችንም እዚህ ቤት ውስጥ ልንቀር ነው። እኔ ስቀር ምክንያት ነበረኝ። አንቺ ግን ምክንያት የለሽም።

ለእኔም አትዘኝልኝ። ለገሱባ ጤና ጣቢያ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፣ አርባው እንዳለፈ እጀምራለሁ። ዛሬ ጠዋት አልጋውን ፈትቼ አወጣሁት። ፈጠነች አግዛኝ ስታበቃ "አሁን አልቅስ" አለችኝ፤ አለቀስኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ።

ሥራሽን ጨርሺ። ዝርዝርሽን ላኪ። ከዚያ ለአርባው ነይ። መቆጣት ከፈለግሽ መጥተሽ ተቆጪኝ፣ እቤት ነኝ።

እታለም

~

አፋር፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ተቆጥቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ሳይሽ አንገትሽ ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ ሳልናገረው እንዳይቀር ነው። አባባ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ፍየል ታርዶልኝ እልል አልኩ። መድኃኒቱን አትትፋው ብዬ ጻፍኩለት። ይህን ለረጅም ጊዜ አልረሳውም። ፋኑኤልንም ሁለት ቀን አላናገርኩትም ነበር፤ ትናንት አናገርኩት፤ እሱም ከእኔ በላይ ከስቷል።

እንዳልሽው አድርገዋል። በማለዳ ቀሰቀሱኝ፣ ከገደሉ አራቁኝ። የመንገድ መሪያችን ሚስት አንድ ቃል አማርኛ አታውቅም፤ ጭኗ ላይ አስተኝታኝ ፀሐይዋ እስክትበረታ በቋንቋዋ አለቀሰችልኝ። ጩማ አባባ ገሱባ ሲያስተምር እንዴት ይገርፈው እንደነበር እየነገረኝ በመሀል አሳቀኝ። አባባ አስተምሮት እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር። ደብዳቤሽን በአንድ ጊዜ አልጨረስኩትም። የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ አጠፍኩት፤ የቀረውን ከሰዓት በኋላ ነው ያነበብኩት።

ለሁለት ቀን ሥራ አልነካሁም። ትናንት ወጣሁ። መዶሻውን ፋኑኤል ያዘ፣ እኔ አሳየሁት። ከታችኛው እርከን ላይ የቀረኝን በቆመበት የሞተ ኮራል አገኘን። ዝርዝሩ ነገ ከጩማ ጋር ይሄዳል። መርከቡን አልተውኩም። የጻፍኩትን ወረቀት ፋኑኤል መለሰልኝና ቀደድኩት።

እምቢ ብትዪኝ ብለሽ ፈርተሽ እንደነበር ጽፈሻል። ያን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። የዛሬ አራት ዓመት አባባ ሲወድቅ ብትጠይቂኝ እምቢ እል ነበር ይሆናል፣ አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ከእንግዲህ በቤታችን ይብቃ። አንድ ነገር ግን መልሺልኝ፤ ስመጣ ሳይሆን ዛሬ፣ ይህን ስታነቢ ለራስሽም ቢሆን መልሺው። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ እኔ ሳቄን ጨርሼ ስልኩን ስዘጋው፣ አንቺን ማን ያዘሽ?

ለአርባው ዋዜማ እገባለሁ። ጋሽ ጸሐዬ ሰው ሰብስበው በማለዳ ሊጠብቁኝ ያስቡ ይሆናል። እግራቸውን ስሜ እቀበላቸዋለሁ፣ አብረውኝ ያልቅሱ። መርዶ ሊነግሩኝ ከሆነ ግን አይድከሙ በያቸው። እኔን እኅቴ አርድታኛለች።

ሰናይት